ለልጆች የሚጻፍ የዕውቀት መጽሐፍና የዘነበ ወርቅ ትምህርት



የመጻሕፍት ታሪክ በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ የሚወሳው የነገሥታት ዜና መዋዕል፣ የሊቃውንት ድርሳንና የባለቅኔዎች ሥራ ነው። ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ፣ ስለ ውሃና ስለ እሳት፣ ስለ ደዌና ስለ መድኃኒት ለልጅ በልጅ አቅም የተጻፈው ትንሽ መጽሐፍ ግን በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ሰፊ ቦታ ሳይሰጠው ኖሯል። ይሁን እንጂ ነገሩን ጠለቅ ብሎ ለተመለከተ ሰው፣ የአንድ ሕዝብ ዕውቀት ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ ይኸው ትንሽ መጽሐፍ ነው። ሊቅ መርምሮ የደረሰበት ነገር በሊቅ ቤት ተዘግቶ የቀረ እንደሆነ ለሊቁ ክብር ይሆናል እንጂ ለጎረቤቱ አይተርፍም። ለጎረቤት የሚተርፈው በሚገባ ቋንቋ ተጽፎ፣ በልጆች አፍ ወደየቤቱ የገባ እንደሆነ ነው።

ስለዚህ ዛሬ የዚህን ዐይነት መጽሐፍ ታሪክ በውጭም በአገራችንም እንዴት እንደ ነበረ በአጭሩ እንመለከታለን። ለነገሩ ማስረጃ የሚሆነንንም ከሩቅ አንፈልገውም፤ ከከተማችን በስተ ምዕራብ፣ ከኮልፌ ቀራንዮ እናገኘዋለን።

በአውሮፓ ለልጆች በሥዕል ተዘጋጅቶ ስለ ዓለም የሚያስረዳ መጽሐፍ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚጠቀሰው፣ የሞራቪያ ተወላጅ የሆነው መምህር ኮሜንየስ በ1658 እ.ኤ.አ. በኑረምበርግ ከተማ ያሳተመው ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሰማዩ፣ እሳቱ፣ አዝርዕቱ፣ እንስሳቱ፣ የእጅ ሥራውም ሁሉ በየተራ በሥዕል ቀርቦ፣ በእያንዳንዱ ነገር ላይ ቍጥር ተጽፎበት፣ ስሙም በላቲንና ልጁ በሚናገረው በጀርመንኛ ተሰጥቶ ይታያል። ኮሜንየስ ያሰበው ነገር ቀላል ነው፤ ልጅ የማያውቀውን ቃል ከመሸምደዱ በፊት ነገሩን ይይ፣ ካየውም በኋላ ስሙን በእናቱ ቋንቋ ይስማ የሚል ነው።

ይህ መጽሐፍ ከመታተሙ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1652 እ.ኤ.አ.፣ በዚያው በጀርመን አገር በጎታ ከተማ፣ የአምሐራው ሊቅ አባ ጎርጎርዮስ ሂዮብ ሉዶልፍን ስለ አገራችን ቋንቋና ታሪክ ያስተምሩት እንደ ነበር እናስታውስ። ከዚህ ትምህርት የተገኘው የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስው በ1698 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እንግዲህ ቋንቋችን በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ የጥናት ርእስ ሆኖ ሳለ፣ የቋንቋው ባለቤት የሆነው ልጅ ግን ስለ ተፈጥሮ የሚያነብበት በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ ገና አልነበረውም።

የዚህ ዐይነት መጽሐፍ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለመረዳት የሚካኤል ፋራዴይን ታሪክ መመልከት ይበቃል። ፋራዴይ በ1791 እ.ኤ.አ. ከአንድ ድኻ ብረት ሠሪ ቤት በእንግሊዝ አገር ተወለደ። ብዙ ትምህርት አላገኘም፤ በ14 ዓመቱም መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሥራ ለመማር ገባ። ሊጠረዙ ከሚመጡት መጻሕፍት መካከል ጄን ማርሴት የተባለች ሴት ስለ ኬሚስትሪ የጻፈችው አንድ መጽሐፍ ነበረበት። ይህ መጽሐፍ በአንዲት መምህርትና በሁለት ልጃገረዶች መካከል በሚደረግ ጥያቄና መልስ የተዘጋጀ ስለ ሆነ፣ ትምህርት ቤት ያልገባው ወጣት አንብቦ ሊረዳው ቻለ። ፋራዴይም በመጽሐፉ ያነበበውን በትንንሽ ሙከራ እየፈተነ ወደ ሳይንስ ገባ። በ1831 እ.ኤ.አ. ማግኔትን በማንቀሳቀስ የኤሌክትሪክ ኃይል ማግኘት እንደሚቻል ያሳየው ይኸው ሰው ነው። የቆቃ ግድብ ውሃ እያሽከረከረ መብራት የሚያመነጨው መሣሪያ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። በመሥሪያ ቤታችሁ ጠረጴዛ ላይ የሚበራው መብራት ታሪኩ ቢመረመር፣ አንዱ ሥሩ ለጀማሪዎች ከተጻፈው ከዚያ መጽሐፍ ላይ ይደርሳል።

ፋራዴይ ደግሞ ያገኘውን ውለታ ሳይመልስ አልቀረም። በለንደን በገና ሰሞን ለወጣቶች የሚሰጠው የሳይንስ ንግግር በ1825 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የተቋሙ ሰው ነበር፤ እርሱም ራሱ ለብዙ ዓመታት ቆሞ ተናግሯል። ከነዚህም ንግግሮች መካከል ስለ አንዲት ሻማ መቃጠል ብቻ በስድስት ክፍል የተናገረው በ1861 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ሆኖ ወጥቷል። ሻማን የማያውቅ ልጅ የለም። ከሚታወቀው ተነሥቶ ወደማይታወቀው መሄድ የዚህ ዐይነት ጸሐፊ ዋና ጥበብ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አባቶቻችን ስለ ተፈጥሮ አልመረመሩም ማለት ስሕተት ነው። ስለ እንስሳትና ስለ አዕዋፍ የሚናገረው ፊሳልጎስ ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። የፀሐይና የጨረቃ ቍጥር፣ የበዓላትና የአጽዋማት ስሌት በአቡሻህር በጥልቅ ይተነተናል። ነገር ግን ይህ ሁሉ በግዕዝ ያለና ብዙ ዓመት ለተማረ ሰው የተዘጋጀ ነው። ሕፃኑ ግን ፊደል ይቈጥራል፣ አቡጊዳ ይላል፣ ንባብ ይለምዳል፣ ዳዊት ይደግማል፤ ዳዊት ከደገመም በኋላ ብዙው ወደ እርሻው ወይም ወደ ከብቱ ይመለሳል። በዚህ መካከል ዝናም ከወዴት እንደሚመጣ በራሱ ቋንቋ የሚነግረው መጽሐፍ በእጁ አይገባም ነበር።

በአማርኛ የዕውቀት መጽሐፍ ለተማሪ ማሳተም የተጀመረው በውጭ አገር ሰው ነው። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ካርል ኢዘንበርግ በዐድዋና በኋላም በሸዋ ቆይቶ፣ በ1841 እና በ1842 እ.ኤ.አ. የአማርኛ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው ለንደን ላይ ባሳተመ ጊዜ፣ ከእነርሱ ጋራ የፊደል መማሪያ፣ የምድር ትምህርትና የዓለም ታሪክ መጽሐፍ በአማርኛ አውጥቷል። ይሁን እንጂ ሚስዮናውያኑ በአገር ውስጥ ተቀምጠው እንዲያስተምሩ ስላልተፈቀደላቸው፣ መጻሕፍቱም የሚነበቡበት ትምህርት ቤት ስላልነበረ፣ ሥራው በሰፊው ፍሬ ሳያፈራ ቀረ። መጽሐፍ ብቻውን ትምህርት አይሆንም፤ የሚያምነው ወላጅ፣ የሚያስነብበው መምህርም ይፈልጋል።

ዘመናዊው ትምህርት በመንግሥት እጅ የተጀመረው ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 እ.ኤ.አ. በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ባስከፈቱ ጊዜ ነው። በ1914 ዓ.ም. የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቋቋመ፤ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ብዙ መጻሕፍት ጽፈው ለወጣቱ ምክርና ታሪክ አቀረቡ። ነገር ግን በአዲሶቹ ትምህርት ቤቶች ሒሳቡና ሳይንሱ በባዕድ ቋንቋና በባዕድ መጽሐፍ ይሰጥ ስለ ነበረ፣ ልጁ በትምህርት ቤት የሰማውን ለእናቱ ለመንገር ቃል አያገኝም ነበር። ዕውቀቱ ከክፍሉ በር ላይ ይቆማል። ጅምሩ ገና ሳይጠና ደግሞ የፋሺስት ወረራ መጣ፤ በ1929 ዓ.ም. ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ተገደሉ፤ የትምህርቱም ሥራ ተቋረጠ።

ከነፃነት በኋላ ለወጣቱ የዕውቀት መጽሐፍ በመጻፍ ከሁሉ በላይ ስማቸው የሚነሣው ከበደ ሚካኤል ናቸው። በ1909 ዓ.ም. በመንዝ ተወልደው በ1991 ዓ.ም. ያረፉት እኒህ ደራሲ ባለቅኔና የተውኔት ጸሐፊ መሆናቸውን ሁሉ ያውቃል። ለእኛ ለዛሬው ነገር የሚጠቅመው ግን ሌላው ሥራቸው ነው። «ታሪክና ምሳሌ» በየትምህርት ቤቱ ተነቧል፤ ብዙ ትውልድም ከእርሱ በቃሉ አጥንቷል። «ታላላቅ ሰዎች» በሚለው መጽሐፋቸው የዓለምን ስመ ጥር ሰዎች ሕይወት ለአማርኛ አንባቢ አቀረቡ። በ1946 ዓ.ም. ያወጡት «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ደግሞ፣ አንድ ጥንታዊ አገር ጠባዩን ሳይለቅ እንዴት አዲስ ዕውቀት እንደ ተቀበለ ለመመርመር የተጻፈ ነው።

ይህ የጃፓን ጥያቄ ከርእሳችን ጋራ በጣም የተያያዘ ነው። ጃፓን በተለወጠችበት ዘመን መጀመሪያ ላይ ፉኩዛዋ ዩኪቺ የተባለው ሊቅ በ1868 እ.ኤ.አ. ስለ ሙቀት፣ ስለ አየርና ስለ ውሃ ለጀማሪዎች በሥዕል የሚያስረዳ መጽሐፍ አወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የዓለምን አገሮች ሁሉ የሚዘረዝር የምድር ትምህርት፣ ልጆች እያዜሙ በቃላቸው እንዲይዙት በግጥም ምጣኔ ጻፈ። እንዲህ ያለው መንገድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ሁሉ ትምህርቱን በዜማ ይዞ የሚያድግባት አገር፣ የሳይንስን ነገር በዜማ ለማስያዝ ከማንም ይልቅ የተዘጋጀች ነበረች። ከበደ ሚካኤልም ምሳሌውን በግጥም ማድረጋቸው ወጣቱ በቃሉ እንዲይዘው ረድቷል። ነገር ግን የእርሳቸው ሥራ ይበልጡን ታሪክና ግብረ ገብ ነው፤ ስለ ተፈጥሮ ሳይንስ እንዲሁ ለልጅ የሚጣፍጥ መጽሐፍ የሚጽፍ ሌላ ከበደ ሚካኤል በዚያው ልክ አልተገኘም።

በ1956 ዓ.ም. ገደማ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት መስጫ ሲሆን፣ ሳይንስን በአማርኛ መጻፍ ግዴታ ሆነ። ያን ጊዜ የቃል ችግር ጎልቶ ወጣ። ከግዕዝ እየተቀዳ፣ ከአማርኛው ግሥ እየተራባ ብዙ ቃል ተፈጠረ። በ1989 ዓ.ም. የወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የዚህ ድካም ፍሬ ነው። ስበት፣ ትነት፣ ረቂቅ ተሕዋስያን የሚሉትን ቃላት ዛሬ ሳንደናቀፍ የምንናገረው የእነዚህ ሰዎች ልፋት ስላለበት ነው። ይሁን እንጂ መዝገበ ቃላት ቃሉን ይሰጣል እንጂ ነገሩን አያቀምስም። «ብርሃን አስተፃምሮ» የሚለውን ቃል ተማሪው ለፈተና ይይዘዋል፤ ትርጕሙ ግን ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ኃይል ከአየርና ከውሃ ምግቡን ማዘጋጀቱ መሆኑን፣ እናቱ በምድጃ እንደምትሠራው ቅጠልም በፀሐይ እንደሚሠራ የሚነግረው ጸሐፊ ካላገኘ ቃሉ ከፈተናው በኋላ ይረሳል። የመማሪያ መጽሐፍ ያስፈትናል፤ ለልጆች የተጻፈ የዕውቀት መጽሐፍ ግን ያስወድዳል። ሁለቱ አንዱ በሌላው አይተካም።

አሁን ወደ ኮልፌ ቀራንዮ እንሂድ። በ1920ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተሠራው ሆስፒታል በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም ተጠራ፤ ሰፈሩም እስከ ዛሬ ዘነበ ወርቅ ይባላል። ከየጠቅላይ ግዛቱ ከዘመድ ተለይተው የመጡ ሕሙማን በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ እየቀለሱ ሰፈሩ። በ1958 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ ለአፍሪካ ሁሉ የሥጋ ደዌ ሐኪሞችንና ሠራተኞችን የሚያሠለጥነው አለርት ተቋቋመ። በ1970 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በአጠገቡ ተከፈተ። ተቋሙ የተሰየመለት ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን፣ የኢዘንበርግ የምድር ትምህርት በታተመበት በ1841 እ.ኤ.አ. ተወልዶ፣ በ1873 እ.ኤ.አ. የሥጋ ደዌን ረቂቅ ተሕዋስ በአጉሊ መነጽር ያየ ሰው ነው። እንግዲህ ዓለም ስለዚህ በሽታ ያለው ዕውቀት ከኮልፌ ቀራንዮ አጥር ውስጥ ገብቶ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ከአጥሩ ውጪስ? ከአጥሩ ውጪ ያለው ሰው ሥጋ ደዌ በዘር የሚወርድ ነው ይል ነበር፤ ሌላው የእግዚአብሔር ቍጣ ነው ይላል። ሌሊት በየደጁ የሚያዜሙት ላሊበላዎች፣ ልመናውንና ዜማውን ብንተው ሥጋ ደዌ ይይዘናል የሚል እምነት ከወላጆቻቸው ወርሰው ኖረዋል። «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» የሚለውን ተረት ያልሰማ ከመካከላችን ማን አለ? ይህን ተረት ልጅ ሳለን ተምረነዋል፤ የሐንሰንን ስም ግን ብዙዎቻችን ልጅ ሳለን አልሰማንም። ተረቱ በልጅ ቋንቋ ስለ ተነገረ ወደየቤቱ ገባ፤ ዕውቀቱ በልጅ ቋንቋ ስላልተነገረ ከአጥር ውስጥ ቀረ። የነገሩ ሁሉ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው።

እውነቱን ለልጅ መንገር እኮ የሚከብድ አልነበረም። ይህን በሽታ የሚያመጣው በዐይን የማይታይ ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ይህም ተሕዋስ እጅግ በዝግታ የሚራባ በመሆኑ፣ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምልክቱ እስኪታይ በአማካይ አምስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም ሃያ ዓመት ይፈጃል። ከታመመ ወላጅ ጋራ አብሮ ያደገ ልጅ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲታመም ሰው አይቶ «በዘር ነው» ያለው ስለዚህ ነው። ዘር ግን አይደለም፤ ካልታከመ ሕመምተኛ ጋራ ለረዥም ጊዜ ተጠጋግቶ በመኖር ከአፍና ከአፍንጫ በሚወጣ እርጥበት የሚተላለፍ ነው። ከሰው አብዛኛው ደግሞ ሰውነቱ በተፈጥሮ ስለሚከላከለው አይያዝም። ተሕዋሱ የሚጎዳው የስሜት ጅማትን ነው፤ ስለዚህ ሕመምተኛው እሳት ሲያቃጥለው፣ ድንጋይ ሲወጋው አይሰማውም፤ ጣቱ የሚጎዳውም ሳይሰማው በቆሰለ ቍስል እንጂ ደዌው እንደ ምስጥ በልቶት አይደለም። በ1981 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ያጸደቀው የመድኃኒቶች ቅንጅት በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ይፈውሳል፤ ሕክምናውን የጀመረ ሰውም በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ ሌላ ማስተላለፉ ይቀራል።

አንባብያን ሆይ፤ ይህን አንድ አንቀጽ የዐሥር ዓመት ልጅ ሊረዳው ይችላል። የተረዳም ልጅ፣ በቆዳው ላይ የማያሳክክና የማይሰማ ነጭ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ያየ እንደሆነ ለወላጁ ይናገራል፤ በጊዜ የታከመም ጣቱን አያጣም። የዳነውን ጎረቤቱንም ከማዕድ አያርቀውም። እንግዲህ ለልጆች የዕውቀት መጽሐፍ መጻፍ ጨዋታ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ያልተጻፈው መጽሐፍ ስንት ጣትና ስንት ዝምድና እንዳስከፈለ በዘነበ ወርቅ ሰፈር ሆኖ ያስብ።

ነገሩ ሁሉ ጨለማ ነው ማለታችን አይደለም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ሕዝብ ፊደል አስቈጥሯል፤ ለአዲስ አንባብያንም ስለ ጤናና ስለ እርሻ ትንንሽ መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል። በ2005 እ.ኤ.አ. መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋራ ድርጅት አቋቁማ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚለውን ዝግጅት ጀመረች። በዚህም ዝግጅት ፀሐይ የምትባል አሻንጉሊት ቀጭኔ ልጆችን ፊደልና ቍጥር፣ ጤናና ንጽሕና በአማርኛ አስተምራለች፤ ከቴሌቪዥኑም ወደ መጽሐፍ ተሻግራለች። መምህርቷ ድኻው ልጅ ትምህርት ቤት ሳይገባ በፊት ዕውቀቱ ቤቱ ድረስ ይምጣ ብላ መነሣቷ፣ ኮሜንየስና ፋራዴይ ከጀመሩት መንገድ ጋራ አንድ ነው።

ለጸሐፊ የሚሆን ነገርም በአገራችን ሞልቷል። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። በሽታው በቀንድ አውጣ በኩል የሚያልፍ ስለ ሆነ፣ እናቶቻችን ለልብስ ብቻ ይጠቀሙበት የነበረው እንዶድ በሽታን ለመከላከል እንደሚያገለግል ከዚህ ተገኘ። ለዚህም ሥራ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ በ1989 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ለእንግሊዝ ልጆች ፋራዴይ ከሻማ እንደ ተነሣ፣ ለእኛ ልጆች ከእንዶድ የሚነሣ ሰው ይፈለጋል። ሻማው እንዶድ፣ አዳራሹም ወንዝ ዳር ነው።

እንግዲህ ከእኛ የሚጠበቀው ምንድን ነው? ከእናንተ መካከል ሐኪም አለ፣ መሐንዲስ አለ፣ የእርሻ ባለሙያ አለ፣ የሚቲዎሮሎጂ ሠራተኛ አለ። እያንዳንዱ በሥራው ላይ የሚያውቀውን አንድ ነገር፣ ለመሥሪያ ቤቱ አለቃ ሪፖርት ሲጽፍ እንደሚጠነቀቅ ተጠንቅቆ፣ ለአንድ የዐሥር ዓመት ልጅ በሁለት ገጽ ቢጽፍ፣ የጽሕፈቱ ፈተና ከሪፖርቱ የሚበልጥ መሆኑን ያየዋል። ሪፖርት በከባድ ቃል ተሸፍኖ ያልፋል፤ ልጅ ግን ያልገባውን «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጽፎ ለማይመቸውም ሌላ ሥራ አለ። በመስከረም ለልጁ ደብተርና እርሳስ ሲገዛ፣ ከመማሪያው መጽሐፍ ሌላ አንድ የዕውቀት መጽሐፍ ይጨምርለት፤ በማታም አብሮት ያንብብ።

በዘነበ ወርቅ በኩል ስታልፉ አጥሩን ተመልከቱ። በውስጡ ዕውቀት፣ በውጪው ተረት ለብዙ ዓመታት ጎን ለጎን ኖረዋል። በሁለቱ መካከል በር የሚከፍተው ጸሐፊ ከየትኛው ቤት እንደሚነሣ አይታወቅም፤ ምናልባት ዛሬ ማታ «ዝናም ከወዴት ይመጣል?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ልጅ ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄውን ሰምታችሁ መልሱለት፤ የማታውቁትም ከሆነ አብራችሁ መጽሐፍ ፈልጉ።